ምርቱ ይሠራል፤ አክሲዮኑስ? አንዲትን ትንሽ የመታወቂያ ማረጋገጫ ኩባንያ እንደ መሐንዲስ ማንበብ

በዚህ ገጽ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ግዕዝ ኪቦርድ፣ ስለ ፎንትና ስለ ስልክ አፕሊኬሽን ነው። ዛሬ ትንሽ ወጣ ብለን አንድ የሶፍትዌር ኩባንያ ላይ ገንዘብ ማዋል ያዋጣ እንደሆነና እንዳልሆነ እንከራከራለን። ትምህርቱ ከሙያችን የራቀ አይደለም። ኮድ ማንበብ የሚችል ሰው የኩባንያ ሪፖርትም ማንበብ ይችላል። የሚያስፈልገው ምን እንደሚፈልግ ማወቅ ብቻ ነው።

ለምን አስፈለገ? በውጭ አገር በሶፍትዌር ሥራ ላይ ያለን ብዙዎች ደመወዝ ሲገባ በስልካችን አክሲዮን መግዛት ለምደናል። አንዳንዱ ዕቁቡ ሲወጣለት ግማሹን ለቤተሰብ ልኮ ግማሹን እዚያ ያስቀምጠዋል። ስንመርጥ ደግሞ የምናውቀውን እንመርጣለን፤ የምናውቀው ቴክኖሎጂ ነው። «ይህ ነገር በጣም ጎበዝ ሥራ ነው፤ ስለዚህ አክሲዮኑ ይወጣል» እንላለን። በ«ጎበዝ ሥራ» እና በ«ይወጣል» መካከል ግን ቢያንስ አምስት ጥያቄ አለ። የዛሬው ትምህርት ስለ እነዚያ ጥያቄዎች ነው።

ምሳሌ የምናደርገው ኢንቴሊቼክ የሚባለውን ኩባንያ ነው። መሥሪያ ቤቱ ኒው ዮርክ ስቴት፣ ሜልቪል ውስጥ ነው። በናስዳክ ገበያ አይ-ዲ-ኤን በሚል ምልክት ይሸጣል። ትንሽ ነው፤ የ2024 ሙሉ ገቢው 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ትንሽ መሆኑ ለትምህርት ይመቻል። የትልቅ ኩባንያ ሪፖርት ውስጥ ሰው ይጠፋል፤ የዚህን ግን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጨርሶ ማንበብ ይቻላል።

ሁለት ማሳሰቢያ፦ ይህ ትምህርት እንጂ የግዙ ወይም የሽጡ ምክር አይደለም፤ የዚህ ኩባንያ አክሲዮንም የለኝም። ከአንድ የአገር ቤት አዋጅ ቁጥር በስተቀር ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

1. የሚሸጠው ምንድን ነው?

የአሜሪካ መንጃ ፈቃድ ያላችሁ ካርዱን ገልብጡት። ከኋላው ጥቅጥቅ ያለ፣ ረዘም ያለ ባርኮድ አለ። ፒዲኤፍ417 ይባላል። በሱቅ ዕቃ ላይ ከምናየው ባርኮድ ይልቅ ብዙ መረጃ ይይዛል። ውስጡ ስማችሁ፣ የተወለዳችሁበት ቀን፣ አድራሻችሁ፣ የመንጃ ፈቃዱ ቁጥርና የሚያበቃበት ቀን ተጽፏል። መረጃው የሚጻፍበትን ሥርዓት ያወጣው አምቫ በአጭሩ የሚባለው የሰሜን አሜሪካ የተሽከርካሪ አስተዳደር መሥሪያ ቤቶች ማኅበር ነው። ሰነዱ በይፋ የወጣ ነው፤ ማንም ማንበብ ይችላል።

ኢንቴሊቼክ የተመሠረተው በ1994 ነው። መጀመሪያ ሥራው መጠጥና ሲጋራ የሚሸጡ ሱቆች የገዢውን ዕድሜ እንዲያጣሩ መርዳት ነበር። ዛሬ ዋና ደንበኞቹ ባንኮችና የክሬዲት ካርድ አቅራቢዎች ናቸው። አንድ ሰው ሱቅ ገብቶ የሱቁን ክሬዲት ካርድ ልክፈት ሲል ሻጯ መንጃ ፈቃዱን ስካን ታደርጋለች፤ መረጃው በኤፒአይ ወደ ኢንቴሊቼክ ይሄዳል፤ በሰከንድ ውስጥ «ትክክለኛ ነው» ወይም «አይደለም» የሚል መልስ ይመጣል። ገቢው በአመዛኙ በየስካኑ ከሚከፈል ክፍያ ነው። የማስታወቂያ ገቢ የለም፤ ለሰፊው ሕዝብ የሚሸጥ አፕም አይደለም።

2. ምስጢሩ የት ነው?

ዴቨሎፐር ከሆናችሁ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊመጣባችሁ ይገባል። የአጻጻፉ ሥርዓት በይፋ ከወጣ ፎርጅድ ሠሪውስ ያንኑ ሰነድ አንብቦ ባርኮድ መሥራት አያቅተውም። ታዲያ ኩባንያው የሚያጣራው ምንድን ነው?

መልሱን ለመረዳት የፓስፖርትን ቺፕ እናስብ። በዘመናዊ ፓስፖርት ውስጥ ያለው ቺፕ የያዘው መረጃ በሰጪው አገር ዲጂታል ፊርማ ተፈርሟል። አንድ ፊደል ብትለወጥ ፊርማው አይገጥምም። ማንኛውም አንባቢ መሣሪያ የአገሩን ይፋዊ ቁልፍ ይዞ እውነተኛነቱን በሒሳብ ማረጋገጥ ይችላል። የመንጃ ፈቃዱ መደበኛ ባርኮድ ግን እንዲህ ዓይነት ፊርማ የለውም። ጽሑፍ ብቻ ነው። ስካነሩ «አነበብኩ» ይላል እንጂ «እውነት ነው» ሊል አይችልም።

ኢንቴሊቼክ የሚሸጠው ይህን ክፍተት የሚሞላ ዕውቀት ነው። ኩባንያው እንደሚለው እያንዳንዱ ስቴት ባርኮዱን ሲጽፍ በይፋው ሰነድ ላይ የሌሉ የራሱ ልማዶች አሉት። ኩባንያው ባለፉት ዓመታት ከሰጪ መሥሪያ ቤቶች ጋር በመሥራት እነዚህን ልማዶች አከማችቷል። ፎርጅድ ሠሪው ይፋውን ሥርዓት ቢከተልም በእነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ላይ ይያዛል።

እንደ መሐንዲስ ሁለት ነገር ልብ በሉ።

አንደኛ፣ እውነተኛ ባርኮድ ማለት እውነተኛ ባለቤት ማለት አይደለም። የሌላ ሰው ትክክለኛ መንጃ ፈቃድ የያዘ ሌባ በባርኮዱ ማጣሪያ ያልፋል። ለዚህ ነው ኩባንያው በስልክ ለሚመጣ ደንበኛ ሰውየው ፊቱን ፎቶ እንዲያነሳና ከካርዱ ፎቶ ጋር እንዲመሳከር የሚያደርግ አገልግሎት የጨመረው። የፊት ማመሳከር ግን የሌሎች ብዙ ኩባንያዎችም ሥራ ነው። እዚያ ምስጢሩ የእርሱ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ማጣሪያ ሁሉ በሁለት በኩል ይሳሳታል፤ ሌባውን ያሳልፋል ወይም እውነተኛውን ሰው ይመልሳል። የእኛ ማኅበረሰብ ሁለተኛውን ያውቀዋል። ሥርዓቱ ለመጀመሪያ ስም፣ ለመካከለኛ ስምና ለቤተሰብ ስም የተለያየ ሳጥን አለው፤ እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። በአንዱ ወረቀት የአባት፣ በሌላው የአያት ስም በመጨረሻው ሳጥን ይገባል። ጸጋዬ አንድ ጊዜ በአንድ መልክ፣ ሌላ ጊዜ በሌላ መልክ በላቲን ፊደል ይጻፋል። ከዚያ የባንኩ ፎርምና የካርዱ ጽሑፍ ሳይገጥሙ ሰውየው ይመለሳል። ይህ ለኢንቨስትመንቱ ምን አገባው? ባንኩ ለማጣሪያው የሚከፍለው ሌባ እንዲያዝለት ነው፤ ጥሩ ደንበኛ ከተመለሰበት ግን ይከስራል። በሁለቱም በኩል የተሻለ ውጤት የሚያሳይ ተፎካካሪ ከመጣ ባንኩ ለመቀየር አያመነታም።

3. ቁጥሮቹ

በአሜሪካ ገበያ የሚሸጥ የአሜሪካ ኩባንያ በየዓመቱ 10-ኬ የሚባል ሪፖርት ለገበያ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ያስገባል። ኤድጋር በሚባለው የመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ማንም በነጻ ያነበዋል። የኢንቴሊቼክ ቁጥሮች በግርድፉ እንዲህ ናቸው፦

ገቢ በ2022፦ 16 ሚሊዮን ዶላር ገደማ
ገቢ በ2023፦ 18.9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ
ገቢ በ2024፦ 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ
ኪሳራ በ2023፦ 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ
ኪሳራ በ2024፦ 0.9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ
ጥቅል ትርፍ፦ ከገቢው 90 በመቶ አካባቢ
የአክሲዮን ብዛት፦ 20 ሚሊዮን ገደማ

ጥቅል ትርፍ ማለት ከገቢው ላይ አገልግሎቱን ለመስጠት በቀጥታ የወጣው ወጪ፣ ለምሳሌ የሰርቨር ኪራይ፣ ተቀንሶ የሚቀረው ነው። የዴቨሎፐር ደመወዝ፣ የሽያጭ ሠራተኛና የጠበቃ ወጪ ገና አልተቀነሰም። 90 በመቶ በጣም ከፍተኛ ነው። አንድ ተጨማሪ ስካን ለኩባንያው ምንም ያህል ወጪ አያመጣበትም ማለት ነው።

የአክሲዮኑ ዋጋ ደግሞ ብዙ ወጥቶ ወርዷል። በ2021 መጀመሪያ ከ10 ዶላር በላይ ነበር፤ በ2023 ወደ 2 ዶላር አካባቢ ወርዶ ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሶፍትዌሩ አልተበላሸም፤ ገቢውም አልጠፋም። የተለወጠው ሰዎች ለነገ ዕድገት ለመክፈል የነበራቸው ፈቃደኝነት ነው። ይህን ያዙልኝ።

4. ክርክሩ

አሁን ሁለት ሰዎች አስቀምጠን እናከራክር። አንዱ «ግዙ» ይላል፤ ሌላው «ተዉ» ይላል። ሁለቱም ብልሆች ናቸው፤ ሁለቱም ያንኑ ሪፖርት አንብበዋል።

ግዙ ባይ፦ «ሒሳቡን እዩ። የ2024 ገቢ 20 ሚሊዮን ነው። 90 በመቶው 18 ሚሊዮን ነው። ኪሳራው 0.9 ከሆነ ሌላው ወጪ ሁሉ 18.9 ሚሊዮን አካባቢ ነው። ገቢው በ1 ሚሊዮን ብቻ ቢጨምር 0.9 ሚሊዮኑ ወደ ታች ወርዶ ኪሳራውን ይሸፍናል። ከዚያ በላይ የሚመጣው እያንዳንዱ ዶላር ዘጠና ሳንቲሙ ትርፍ ነው። ኩባንያው በር ላይ ቆሟል።»

ተዉ ባይ፦ «ወጪው ባለበት ይቆማል ያለህ ማን ነው? ገቢ እንዲያድግ ሻጭ ይቀጠራል፤ ጥሩ ዴቨሎፐር እንዳይሄድ ደመወዝ ይጨመራል። ሒሳቡም ወደ ኋላ ይሠራል። ደንበኞቹ በአመዛኙ ጥቂት ትልልቅ ባንኮች ናቸው፤ ይህን ኩባንያው ራሱ በሪፖርቱ የአደጋዎች ክፍል ይጽፋል። ለምሳሌ ያህል ከገቢው 15 በመቶ የሚሰጥ አንድ ደንበኛ ቢሄድ 3 ሚሊዮን ይጎድላል። ከሱ ጋር የሚቀንስ ወጪ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ 2.7 ሚሊዮኑ በቀጥታ ኪሳራ ላይ ይደመራል፤ 0.9 የነበረው 3.6 ይሆናል። ያው 90 በመቶ ሲወጣ እንደሚያስደስት ሲወርድ ያስለቅሳል።»

ግዙ ባይ፦ «ገበያው ግን ወደ እኛ እየመጣ ነው። በ2024 መጀመሪያ ኦንሊፌክ የሚባል ድረ ገጽ በ15 ዶላር የፎርጅድ መታወቂያ ምስል ሲሸጥ ጋዜጠኞች አጋለጡ። በዚያ ምስልም የአንድ ክሪፕቶ መገበያያ ማጣሪያ ታለፈ። የካርዱን መልክ በማየት የሚያጣሩ ሥርዓቶች በሰው ሠራሽ አስተውሎት ይታለላሉ። የባርኮዱን ውስጥ የሚያነብ ግን መልኩ ምንም ቢያምር አይሸወድም።»

ተዉ ባይ፦ «ማጭበርበር መብዛቱ እውነት ነው። ግን ችግር ሲበዛ የመፍትሔ ሻጩም ይበዛል። ሶኪዩር አለ፣ ፐርሶና አለ፣ ጁሚዮ አለ፣ ማይቴክ አለ። በ2024 ኦንፊዶን ኤንትረስት ገዝቶታል። ብዙዎቹ ከኢንቴሊቼክ ይልቅ ብዙ ዴቨሎፐርና ብዙ ገንዘብ አላቸው። በዚህ ሙያ ደግሞ ጥሩ ምርት መያዝ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ጁሚዮ ራሱ በ2016 የኪሳራ ጥበቃ ጠይቆ ለአዲስ ባለቤት ተሸጧል።»

እስካሁን ያለው ክርክር በየትኛውም የሶፍትዌር ኩባንያ ላይ ሊነሳ ይችላል። ቀጣዩ ነጥብ ግን የዚህ ዘርፍ ልብ ነው፤ ኮድ የሚያውቅ ሰውም ከተራው ኢንቨስተር የሚሻልበት ቦታ እዚህ ነው።

5. ፊርማው ሲመጣ

ኩባንያው የሚኖረው ባርኮዱ ፊርማ ስለሌለው ነው ብለናል። ፊርማ ቢኖረውስ?

በ2021 አይ-ኤስ-ኦ 18013-5 የሚባል ደረጃ ወጣ። በስልክ ውስጥ የሚቀመጥ መንጃ ፈቃድ እንዴት እንደሚሠራ ይደነግጋል። እዚህ መረጃው በስቴቱ ዲጂታል ፊርማ ይፈረማል። አንባቢው መሣሪያ የስቴቱን ይፋዊ ቁልፍ ይዞ እውነተኛነቱን ያረጋግጣል፤ ምስጢራዊ የአጻጻፍ ልማድ ማወቅ አያስፈልገውም። አምቫ የየስቴቱን ቁልፎች ሰብስቦ ለአረጋጋጮች የሚያድል አገልግሎት አቋቁሟል። በመጋቢት 2022 አሪዞና መንጃ ፈቃዷን በአፕል ዋሌት ያስገባች የመጀመሪያዋ ስቴት ሆነች፤ ሌሎችም ተከትለዋል።

ይህ ምን ማለት ነው? ፊርማን ማጣራት ማንኛውም ጎበዝ ዴቨሎፐር በክፍት ላይብረሪ የሚሠራው ነገር ነው። ዛሬ ኢንቴሊቼክ ብቻ የሚያውቀው ነገር ያን ቀን ዋጋው ይወርዳል። ኩባንያው የስልኩንም መንጃ ፈቃድ ማንበብ ይችላል፤ ሌላውም ይችላል። ሁሉም የሚችለው ነገር ሲሆን የየስካኑ ክፍያ ይቀንሳል።

ተዉ ባይ እዚህ ጋ ክርክሩን ያሸነፈ ይመስለዋል። ግዙ ባይ ግን አንድ ጠንካራ መልስ አለው፦ የመንግሥት መታወቂያ ፍጥነት።

ሪል አይዲ የሚባለውን የአሜሪካ ሕግ ተመልከቱ። የጸደቀው በ2005 ነው። ለአገር ውስጥ በረራ መጠየቅ የጀመረው በግንቦት 7 ቀን 2025 ነው። 20 ዓመት ፈጀ፤ ያውም ካርዱን በሌላ ካርድ ለመለወጥ ብቻ። የፕላስቲክ መንጃ ፈቃድ ደግሞ በብዙ ስቴቶች ከ4 እስከ 8 ዓመት ያገለግላል። ሁሉም ስቴት ዛሬ ቢስማማ እንኳን የዛሬው ፕላስቲክ ለዓመታት በኪስ ይኖራል። ባንክ ደግሞ ስማርት ስልክ የሌላቸውን እናት «ፕላስቲክ አንቀበልም» ብሎ አይመልስም።

እንግዲህ አክሲዮኑን የሚገዛ ሰው በትክክል የሚገዛው ጊዜ ነው። ቴክኖሎጂው የተመሠረተው ሌላ አካል፣ ማለትም ስቴቶቹ፣ በተዉት ክፍተት ላይ ነው። ክፍተቱ የሚዘጋበትን ቀን የሚወስነው ኩባንያው አይደለም። ጥያቄው ክፍተቱ ከመዘጋቱ በፊት ኩባንያው በቂ ያድጋል ወይ ነው።

6. መንግሥት ራሱ አረጋጋጭ ሲሆን

ክፍተቱ በሌላ መንገድም ይዘጋል። በሕንድ አድሃር የሚባለው ባለ 12 አኃዝ መታወቂያ ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰው አለው። ባንክም ሆነ የስልክ ኩባንያ ደንበኛውን በጣት አሻራ ከመንግሥት ቋት ጋር እንዲያመሳክር ተፈቅዶ ነበር። ጂዮ የሚባለው የስልክ ኩባንያ በ2016 ሥራ ሲጀምር በዚህ መንገድ ሚሊዮኖችን በፍጥነት መዝግቧል። በ2018 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የግል ኩባንያዎች በዚህ መልክ መጠቀማቸውን ገደበ፤ በ2019 ደግሞ ሕግ ተሻሽሎ በባለቤቱ ፈቃድ እንዲሆን ተደረገ። በአንድ ውሳኔ አንድ ሙሉ ገበያ ተዘግቶ በሌላው ተከፈተ።

ወደ አገራችን ስንመጣ ፋይዳ አለ። አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የዲጂታል መታወቂያን ሕጋዊ መሠረት ሰጠው። ሥርዓቱ የተሠራው ሞሲፕ በሚባል ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው፤ መነሻው ሕንድ፣ ባንጋሎር የሚገኝ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም ነው። አዲስ አበባ ያለ ባንክ የደንበኛውን ማንነት ከራሱ ከመንግሥት ቋት ማረጋገጥ ሲችል የካርድ ባርኮድ ልማድ ለሚያውቅ የግል ኩባንያ የሚቀረው ቦታ ጠባብ ነው። የሚቀረው ሥራ በቋቱና በባንኩ ሶፍትዌር መካከል ያለውን ማያያዝ ነው። አገር ቤት በዚህ ዘርፍ ሥራ ለመክፈት የምታስቡ ይህን ልብ በሉ።

አሜሪካ ግን ማዕከላዊ የመታወቂያ ቋት የላትም። መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ስቴት ነው። ያ መበታተን ነው ኢንቴሊቼክን ያኖረው። ስለዚህ «ይህ ኩባንያ በአሜሪካ ሠርቷል፤ ሌላ አገርም ይሠራል» ብሎ ዕድገት መቁጠር አይቻልም። ምርቱ ከአንድ አገር የመታወቂያ ታሪክ ጋር የተጣበቀ ነው።

7. ጊዜውን በቁጥር

አሁን ክርክሩን ወደ ሒሳብ እንመልሰው። ወረቀት ወይም ስፕሬድሺት አውጡ።

ኩባንያው ከ2022 ወደ 2023 በ18 በመቶ ገደማ አደገ። ከ2023 ወደ 2024 ግን በ6 በመቶ ገደማ ብቻ። ገቢው ከ20 ወደ 30 ሚሊዮን እስኪደርስ ስንት ዓመት ይፈጃል?

በ18 በመቶ ካደገ፦ ሁለት ዓመት ተኩል።
በ6 በመቶ ካደገ፦ ሰባት ዓመት።

30 ሚሊዮን ሲደርስስ? 90 በመቶው 27 ሚሊዮን ነው። ሌላው ወጪ 22 ሚሊዮን ቢሆን 5 ሚሊዮን ይቀራል። ለ20 ሚሊዮን አክሲዮን ሲካፈል ለአንዱ 25 ሳንቲም ነው። ወጪው ወደ 26 ሚሊዮን ካደገ ግን 1 ሚሊዮን ብቻ ይቀራል፤ ለአንዱ 5 ሳንቲም። አንድ ነገር ደግሞ ጨምሩ፤ ትናንሽ ኩባንያዎች ለሠራተኞቻቸው በአክሲዮን ይከፍላሉ። የአክሲዮኑ ብዛት 23 ሚሊዮን ቢሆን የመጀመሪያው 25 ሳንቲም ወደ 22 ይወርዳል።

አሁን ዋጋውን ጨምሩበት። አክሲዮኑ 3 ዶላር ነው ብለን ብናስብ ኩባንያው በሙሉ 60 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል፤ የዓመት ገቢውን 3 እጥፍ። 6 ዶላር ከሆነ 120 ሚሊዮን፤ 6 እጥፍ። ኩባንያው ያው ነው፤ ባርኮዱም ያው ነው። በ6 ዶላር የገዛ ሰው 25 ሳንቲሙ በሁለት ዓመት ተኩል እንዲመጣለት ያስፈልገዋል። በሰባት ዓመት ከመጣ ስቴቶቹ የስልክ መንጃ ፈቃዱን ሊያዳርሱ የሚችሉበት በቂ ጊዜ ነው። በ3 ዶላር የገዛ ግን ትንሽ መተንፈሻ አለው።

«ጥሩ ኩባንያ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የማይኖረው ለዚህ ነው። ጥያቄው ሁልጊዜ «በዚህ ዋጋ፣ በዚህ ፍጥነት» የሚል ጭራ አለው።

«ትልቅ ኩባንያ ይገዛው ይሆናል» የሚል ተስፋም ይነሳል። ይሆናል፤ በዚህ ዘርፍ መሸጥ የተለመደ ነው። እንግሊዛዊው ጂቢጂ በ2021 አኩዋንት የሚባለውን የአሜሪካ የመታወቂያ ማረጋገጫ ኩባንያ በ736 ሚሊዮን ዶላር ገዝቷል። ሲስኮ ዱዎ ሴኩሪቲን በ2018 በ2.35 ቢሊዮን ወስዷል። ነገር ግን እነዚያ ሽያጮች የሚታወሱት ትልቅ ስለነበሩ ነው። ገዢ ይመጣል ብሎ ብቻ አክሲዮን መያዝ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው።

8. እንግዲህ ማን ረታ?

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ምርቱ እውነተኛ ችግር ይፈታል፤ ግዙ ባይ በዚህ ትክክል ነው። የፕላስቲክ ካርዱም በቶሎ አይጠፋም፤ በዚህም ትክክል ነው። ግን በ2024 በ6 በመቶ ገደማ ያደገ፣ ጥቂት ደንበኞች የያዙት ኩባንያ የዕድገት ኩባንያ ዋጋ ሊከፈልበት አይገባም፤ በዚህ ተዉ ባይ ረቷል። ክርክሩን የሚቀይረው አንድ ነገር ነው፦ ዕድገቱ ከባንክ ውጭ ካሉ ዘርፎች መጥቶ ለተከታታይ ሩብ ዓመታት ከ15 በመቶ በላይ ሲዘልቅ። ያን ጊዜ ኩባንያው ጊዜውን እየቀደመው ነው ማለት ይቻላል። እስከዚያ ድረስ ማየትና ማንበብ ምንም አያስከፍልም።

ይህ ትምህርት አክሲዮን ለማይገዛም ይሠራል። ከናንተ መካከል አንዱ ነገ ከአንዲት ትንሽ የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያ የሥራ ጥሪ ይደርሰዋል። «ደመወዙ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ግን የአክሲዮን አማራጭ እንሰጥሃለን» ይሉታል። ያኔ ኢንቨስተር ሆኗል፤ የሚያውለው ከገንዘብ ይልቅ የወጣትነት ዓመታቱን ነው። አክሲዮን ሻጭ በማግስቱ ሸጦ ይወጣል፤ ያለፈ ሦስት ዓመት ግን አይመለስም። ስለዚህ ከመፈረሙ በፊት እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ያንሳ፦

አንድ፦ ምርቱ በምን ክፍተት ላይ ቆሟል? ክፍተቱን መዝጋት የሚችለው ማን ነው?
ሁለት፦ የሚከፍለው ማን ነው? ትልቁ ደንበኛ ነገ ቢሄድ ምን ይቀራል?
ሦስት፦ አንድ ተጨማሪ ዶላር ገቢ ሲመጣ ስንት ሳንቲሙ ይቀራል?
አራት፦ ዕድገቱ እየፈጠነ ነው ወይስ እየቀነሰ?
አምስት፦ በጠቅላላው ስንት አክሲዮን አለ? በየዓመቱስ ስንት ይጨመራል?

አምስተኛውን ለመመለስ የማይፈልግ ቀጣሪ ካጋጠማችሁ የአክሲዮኑን አማራጭ በዜሮ አስሉትና ደመወዙን ብቻ እዩ።

የቤት ሥራ

ኤድጋር ላይ ገብታችሁ የኢንቴሊቼክን የመጨረሻ 10-ኬ አውርዱ። የአደጋዎቹን ክፍል አንብቡና ስለ ትልልቅ ደንበኞች የሚለውን ፈልጉ። ከዚያ የገቢውን ዕድገት ራሳችሁ አስሉ፤ ኩባንያው በጋዜጣዊ መግለጫው ያጎላውን ቁጥር አትውሰዱ። በመጨረሻ እናንተ የምትኖሩበት ስቴት ወይም አገር መታወቂያው ፊርማ ያለው መሆኑን አጣሩ። ጀርመን ወይም ኢሚሬትስ ያላችሁ የብሔራዊ መታወቂያችሁ ቺፕ ምን እንደሚሠራ አንብቡ፤ እዚያ እንደ ኢንቴሊቼክ ያለ ኩባንያ ሊኖር ይችል እንደሆነም በአንድ አንቀጽ ጻፉ። ያን አንቀጽ የጻፈ ሰው ለአክሲዮን ትንተና ከሚከፈላቸው አንዳንዶች የተሻለ ሥራ ሠርቷል።